ሙሴ ብሪሳር ያየው ባሕር

ማሪቮን ኬርጌን ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስልኳን የሚያስጮኹት ሰዎች ሁለት ዓይነት ብቻ ነበሩ፤ አንድም የጥርስ ሐኪሟ ጸሐፊ፣ አለዚያም በጣሪያሽ ላይ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ እንትከልልሽ የሚሉ ነጋዴዎች። ስለዚህ በመስከረም አንድ ጠዋት ባሮ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ስልኩ ሲጮህ ቢላዋውን እንኳ አላስቀመጠችም። በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ሸጉጣው «ጣሪያ የለኝም» አለች።

«አበላሹት!» አለ ከወዲያኛው ጫፍ የሽማግሌ ድምፅ። «ገደሉት! ከነነፍሱ ቀበሩት!»

ማን እንደሆነ ለማወቅ አልቸገራትም። ሰላምታ ዘሎ በጩኸት የሚጀምር ሰው በዕድሜዋ ያወቀችው አንድ ብቻ ነው።

«ሙሴ ብሪሳር፣ እንደምን አደሩ።»

«ምኑን አደርኩት! ባሕሬን ቀብተውታል እልሻለሁ። ወይን ጠጅ ቀብተውታል!»

ማሪቮን አሁን ቢላዋውን አስቀመጠች። «ባሕሩ እኮ ወይን ጠጅ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ወይን ጠጅ ነው። ድሮም ወይን ጠጅ ነበር። እኔው ነኝ እኮ የቀባሁት።»

«በቃ፣ አንቺም ጃጀሽ» ብሎ ዘጋባት።

ሰው ሁሉ በፈረንሳይኛ «ሙሴ»፣ ማለትም አቶ፣ የሚለው ኦክታቭ ብሪሳር በፈረንሳይዋ የአንጉሌም ከተማ፣ ከሻራንት ወንዝ ዳር በቆመ አሮጌ የወረቀት ፋብሪካ ውስጥ «የጨው አህያ» የተባለውን የልጆች ፊልም የሠራ ዳይሬክተር ነው። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጅ የተሣለ ነበር። ሠዓሊዎቹ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በእርሳስ ይሥላሉ፤ ሥዕሉ እንደ መስታወት ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ ማሪቮንና በሥሯ ያሉት ሴቶች ፕላስቲኩን ገልብጠው በጀርባው ቀለም ይቀቡታል። የአንዲት አህያ ጆሮ አንድ ጊዜ እንዲርገበገብ አንዲት ሴት ግማሽ ቀን አጎንብሳ ትውላለች። ታሪኩ ቀላል ነው። ፋንሼት የምትባል አህያ በደሴት ላይ ጨው ስታመላልስ ኖራ፣ ጌታዋ ለወዲያ ማዶ ሰው ይሸጣታል። እሷም የደሴቱ አህዮች ከትንኝ የሚከለሉበትን ባለ መስመር ሱሪዋን እንደ ለበሰች ባሕሩን ዋኝታ ወደ አገሯ ትመለሳለች። በቃ ይኸው ነው። በልጅነቱ ያየው ሰው ግን ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ባሕሩን አይረሳም፤ ባሕሩ እንደ በሰለ ጥቁር እንጆሪ ጭማቂ ሐምራዊ ነበርና። ፊልሙ በወጣ ሰሞን የሕፃናት አስተማሪዎች፣ ልጆቹ ባሕር ሣሉ ሲባሉ ሰማያዊውን እርሳስ የሚነካ ጠፋ እያሉ ያማርሩ ነበር።

ያ ቀለም እንዴት እንደ ተገኘ ከማሪቮን የበለጠ የሚያውቅ የለም። ብሪሳር በየጠዋቱ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ይቆምና የቀባችውን ባሕር አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያደርገዋል።

«ገና ነው» ይላል። «ጭቃ ነው። የሞተ ነው። ጨምሪበት።»

ሰማያዊ ትጨምራለች። በማግሥቱ መጥቶ «ገና ነው» ይላል። ሐምራዊ ትጨምራለች። «ገና።» እንደገና ትጨምራለች። እንዲህ ሲሉ ሰነበቱና፣ ባሕሩ የካቶሊክ ጳጳስ ካባ መስሎ ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ይዘው ሲሣሣቁ፣ ብሪሳር አንድ ጠዋት ፕላስቲኩን ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው ባሕሬ!» አለ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ይኸው ባሕሬ!»

ማሪቮን የዚያን ቀን፣ ይህ ሰውዬ ወይ አብዷል፣ ወይም እኛ የማናየው ነገር ይታየዋል ስትል አሰበች። ሁለተኛውን መረጠች። እስከዚያ ድረስ ቅጠል ሲሏት አረንጓዴ፣ ሰማይ ሲሏት ሰማያዊ የምትቀባ፣ ከመስመር የማትወጣ የብሬታኝ ክፍለ ሀገር ልጅ ነበረች። ከፊልሙ በኋላ ግን ከብራሰልስም ከሉክሰምበርግም «የሐምራዊዋን ሴትዮ አምጡልን» ይሉ ጀመር። እሷም በሄደችበት ሁሉ ቀይ ዛፍ፣ ብርቱካን በረዶ፣ አረንጓዴ ሌሊት ቀባች፤ ተሳካላትም። ኋላ በከተማው የሥዕል ትምህርት ቤት ስታስተምር የመጀመሪያ ትምህርቷ ምንጊዜም አንድ ነበር። «ብሪሳር ያስተማረኝን ልንገራችሁ፤ ዓይናችሁ ያየውን ለመቀባት አትፍሩ።»

በማግሥቱ ደግሞ ጊስላን የሚባል ሰው ከፓሪስ ደወለ። የድሮ የልጆች ፊልሞችን እያደሰ በዲስክ የሚያሳትም ቤት ኃላፊ ነበር።

«ማዳም ኬርጌን፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ» አለ። «ፊልሙን ከዋናው ኔጋቲቭ አውጥተን፣ አጥበን፣ ጭረቱን ጠግነን፣ ድሮ ሲኒማ ቤት የታየውን ቅጂ አጠገቡ አድርገን አንድ በአንድ አመሳክረናል። ያልተነካ ነገር ነው። የሙከራውን ዲስክ ለሙሴ ብሪሳር ላክንላቸው፤ እሳቸው ካልፈረሙ ማተም አንችልም። ባሕሬ ግራጫ ነው ይላሉ! ግራጫ! እኔ ራሴ በልጅነቴ በዚያ ባሕር ምክንያት የእናቴን ነጭ ግድግዳ ቀብቼ ተገርፌያለሁ።»

«ድሮ በካሴት ወጥቶ አልነበረም እንዴ?»

«ካሴቱማ የምድር ቤት ጨለማ ነው፤ እንኳን ባሕሩ አህያዋም በወጉ አትታይም። እሳቸውም ቢሆኑ ከተመረቀበት ሰሞን ወዲህ ፊልሙን አላየሁትም ይላሉ። ይሂዱልኝና ያነጋግሯቸው። ገና እየደረሰ ነው፤ ገና ካለፈን አለቅን።»

ማሪቮን ሄደች። የብሪሳር ቤት ላይኛው ከተማ፣ ከከተማዋ አሮጌ ግንብ አጠገብ ነው፤ ዳገቱን በአውቶቡስ ወጣች። በሩን የከፈተላት ሰውዬ ቀጥኖ፣ ሸብቶ፣ ግራ ዓይኑ ቀላ ብሎ ነበር። አጠገቧ ቀርቦ ፊቷን ትክ ብሎ አየ።

«ደግሞ ሰማያዊ ዓይን ነው ያለሽ?» አለ።

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«እኔኮ ቡናማ መስሎኝ። ግቢ፣ ግቢ። ጉድ ላሳይሽ።»

የዓይን ሞራ ኖሮበት ግራ ዓይኑ ኦፕራሲዮን መደረጉን ነገራት፤ ቀኙ ደግሞ ተራ ይጠብቃል። ሐኪሙ ሞራው ዛሬ የመጣ ሳይሆን ገና በጉልምስናው ጀምሮ ቀስ በቀስ እንደ ቢጫ መስታወት የጋረደው መሆኑን ገልጾለት ነበር፤ እሱ ግን ሐኪም ምን ያውቃል ብሎ አልፎታል። ሽማግሌው አዲስ ዓይኑን እንደ አዲስ መኪና ነበር የሚያስጎበኘው። ነጭ ሲመስለው የኖረው ሸሚዝ ወተት ቡና መሆኑን አሳያት። የሟች ሚስቱን ሥዕል አሳያት፤ ያን ሁሉ ዘመን የለበሰችው ቀሚስ አረንጓዴ ሳይሆን ሰማያዊ ነው። ቀጥሎ ሳሎኑ መካከል ቆሞ በመስኮቱ አቅጣጫ በቁጣ ጠቆመ።

«እነዚህን መጋረጃዎች እዪልኝ! ቁም ነገረኛ ግራጫ ብዬ የገዛኋቸው ናቸው። ሻጯ ለምን እንደ ሳቀችብኝ አሁን ነው የገባኝ። የዘፋኝ ቤት አስመስለውኛል!»

ማሪቮን መጋረጃዎቹን አየች። ደማቅ ሐምራዊ ነበሩ። ካፖርቷን አውልቃ ተቀመጠች።

«ዲስኩን ይክፈቱልኝ እስቲ» አለች።

ከፈተው። ፋንሼት ባለ መስመር ሱሪዋን ለብሳ ከአሸዋው ዳር ቆማ ነበር፤ ከፊቷ ያ ሁሉ ሐምራዊ ተዘርግቷል። ማሪቮን የእያንዳንዱን ማዕበል ጠርዝ የቀባውን እጅ ታውቀዋለች።

«ይኸው!» አለ ብሪሳር። «ይኸው ወንጀሉ! ዓይኔን ግንባር ያርገው እንዲህ ያለ ባሕር አዝዤ ከሆነ!»

«ሙሴ ብሪሳር፣ የታከመውን ዓይን በእጅዎ ይሸፍኑት።»

«ምን?»

«የግራዎን ይሸፍኑ። ባልታከመው ብቻ ይዩት።»

ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ልጅ እንደሚያደርገው መዳፉን ግራ ዓይኑ ላይ አሳረፈ። አየ። እጁን ወደ ቀኙ አዞረ። አየ። እንደገና ወደ ግራው መለሰ። አህያዋ ወደ ውሃው ገባች፣ ዋኘች፣ ማዕበል ወጣች፣ ማዕበል ወረደች። ሽማግሌው እጁን ማመላለሱን ቀጠለ። በመጨረሻ ከኋላው ያለውን ወንበር በእጁ ፈልጎ ቁጭ አለ።

«ግራጫ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «በዚህኛው ግራጫ ነው። ራሱ ባሕሬ ነው።»

ማሪቮን ዲስኩን አቆመችለት።

«አንድ ጋዜጠኛ ‘የብሪሳር ሐምራዊ ባሕር’ ብሎ ጽፎ ነበር» አለ። «ግጥም መሰለኝ። ሰዎቹ ግጥም ይወዳሉ አልኩ። ደግሞ ሌላውም ጻፈ። እርስ በርስ የሚኮራረጁ መሰለኝ።»

«ፖስተሩስ? ከተማው ሁሉ ተለጥፎ አልነበረም?»

«እሱንስ ያየሁት በየትኛው ዓይን ሆነና!»

ማሪቮን ሳቀች። ሳትፈልግ ነው የሳቀችው። እሱም ትንሽ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱ ተመልሶ ከሰለ።

«እናንተስ? ስትቀቡት ምን አላችሁ?»

«ሴቶቹ አብዷል አሉ። እኔ አይደለም፣ ደፋር ነው አልኩ።»

ያን ለት ከዳገቱ የወረደችው በእግሯ ነው። ከሥር ወንዙና የድሮው ፋብሪካ ጣሪያ ይታያሉ። ያላት ስሜት ኀዘን ይሁን ንዴት ለራሷም አልለይላት አለ። ተማሪዎቿን አሰበች፤ በየዓመቱ «አትፍሩ» ስትላቸው በአክብሮት የሚሰሟትን። ለካ ያ ሁሉ ድፍረት የሞራ ሥራ ኖሯል። ሰውዬው አንድም ቀን ከመስመር አልወጣም፤ እንደ ማንኛውም የደሴት ዓሣ አጥማጅ ባሕር ግራጫ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

ብሪሳር ግን በሦስተኛው ቀን ደወለላት። አሁንም ያለ ሰላምታ።

«ይስተካከላል» አለ። «ፊልሙ የኔ ነው። በግራጫ ይወጣል። የቀኝ ዓይኔን ኦፕራሲዮን አስተላልፌዋለሁ።»

«ለምን አስተላለፉት?»

«እሱ ዓይን ከተነካ ባሕሬን በምን ላውቀው ነው? ምስክሬ እሱ ብቻ ነው። ፓሪስ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

«እኔ ምን ልሠራ?»

«አንቺ እንድታዪው ነዋ!»

በባቡር ሄዱ። የቀለም ማስተካከያው ክፍል መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው ሁሉ አመድማ ሲሆን፣ በሁለት ማያ ፊት ለፊት ኑርዲን የተባለ ጎልማሳ ባለሙያ ተቀምጦ ነበር። ጊስላን ከኋላቸው ሆኖ ጥፍሩን ይበላል። ብሪሳር ዘዴውን አስቦ መጥቷል። በአንደኛው ማያ ላይ ፊልሙ እንዳለ ይሄዳል፤ ያንን ባልታከመው ዓይኑ ያየዋል። በሁለተኛው ላይ ኑርዲን ቀለሙን ይቀይራል፤ ያንን በአዲሱ ዓይኑ ያየዋል። ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ ድረስ።

«ከሰማያዊው ቀንስ» ይላል ብሪሳር ዓይኑን እያፈራረቀ። «ገና። ቀንስ። አሁን በዛ፤ መልስ። ቢጫ ጨምርበት፣ የሻይ ያህል።»

«ሙሴ» አለ ኑርዲን፣ «በዚህ ወንበር ላይ ብዙ ዳይሬክተር ጮኾብኛል፤ አንድ ዓይን እየጨፈነ የሚጮኽብኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

«ዝም ብለህ ቀንስ!»

«እሺ ጌታዬ፣ ቀንሰናል።»

ቀኑን ሙሉ ለፍተው አህያዋ ባሕሩን የምትሻገርበትን ክፍል ብቻ አስተካከሉ። ብሪሳር በመጨረሻ ሁለቱንም ዓይኖቹን በየተራ ከፍቶ ከድኖ፣ እጁን አንሥቶ «ተው፣ እንዳትነካው» አለ። የመጀመሪያው ማያ ጠፋ። ኑርዲን ክፍሉን ከመጀመሪያው አስነሣው።

ማሪቮን ራሷ የቀባችውን ፊልም እንደ እንግዳ አየችው። ባሕሩ ብቻ አልነበረም የተለወጠው። ሰማዩ የደከመ ሻይ መስሏል፤ አሸዋው አርጅቷል፤ ውሃው ከብዶ፣ ዳር ድንበር አጥቶ፣ የዝናብ ሽታ የሚሸት ይመስላል። በዚያ ሁሉ መካከል የአህያዋ ራስ፣ ሁለት ጆሮ፣ አንዲት ትንሽ ነጥብ። በሐምራዊው ባሕር ውስጥ ፋንሼት የምትጫወት ነበር የምትመስለው፤ ልጆቹም ሲኒማ ቤት እዚያ ሲደርሱ በደስታ ይጮሁ ነበር። እዚህ ግን ልትሰጥም ነው። አንድ ማዕበል ሸፍኗት ስትጠፋ ማሪቮን እንደማትሞት እያወቀች፣ የመውጫዋን ሥዕል በገዛ እጇ ቀብታው ሳለ፣ እጇ አፏ ላይ ወጣ።

ያኔ ፋብሪካው ውስጥ ብሪሳር ሠዓሊዎቹን ሰብስቦ «ይህ ስለ ፍርሃት የሚያወራ ፊልም ነው» እያለ ሲወተውት ትዝ አላት። ምን ይላል ይህ ሰውዬ ይባባሉ ነበር። ከፊታቸው ያለው እኮ ከረሜላ የመሰለ ባሕር ነው።

ምስሉ አለቀ። ብሪሳር ማያውን አልነበረም የሚያየው፤ እሷን ነበር።

«እኔ የሠራሁት ይህን ነበር» አለ።

«አላየነውም ነበር» አለች ማሪቮን። «አንዳችንም አላየነውም።»

ኑርዲን ወንበሩን አሽከርክሮ ጀርባውን ሰጣቸውና መፈታት የማያስፈልገው ገመድ ይፈታ ጀመር።

«ሁለት ዲስክ!» አለ ጊስላን ብድግ ብሎ። «በአንድ ሳጥን ውስጥ! አንዱ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሌላው ‘ዳይሬክተሩ ያየው’! እንዲህ ያለ ነገር ማንም አውጥቶ አያውቅም!»

«የዓይኔን ሞራ በሳጥን አሽገህ ልትሸጥ ነው?» አለ ብሪሳር።

«አይ፣ ሙሴ ብሪሳር፣ እኔ እንዲያ ለማለት…»

«አንተ ልጅ፣ ሞራ የሚሸጠው ሥጋ ቤት ነው። ወረቀቱን አምጣ።»

«የቱን ወረቀት?»

«የምፈርመውን ነዋ! ሐምራዊውን አውጣ። ይህኛውን አጥፋው።»

ማሪቮን ከመቀመጫዋ ተነሣች። እንዲህ ተቆጥታ አይቷት አያውቅም። «አይጠፋም!» አለች። «ከዚህ ድረስ ጎትተው አምጥተውኝ፣ አሳይተውኝ፣ ያጠፉታል? ያማረ ነገር ነው። እውነቱ እሱ ነው። ሰው ይየው!»

«ማን ነው የሚያየው? ያኔ ያዩት ልጆች ዛሬ ወላጆች ሆነዋል። ለልጆቻቸው ብለው ይገዙታል። ከፍተው ግራጫ ሲያገኙ ሌባ ነው የሚሉኝ።»

«ሁለቱንም ያዩታላ!»

«ማሪቮን፣ ስሚኝ።» ድምፁ ወረደ። «በተመረቀ ሰሞን የሕፃናቱ ትርዒት ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ስጠብቅ እልል አሉ። ምን እንዳስደሰታቸው አልገባኝም። ይህን ሁሉ ዓመት አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ለማየት አንጀቴ አልቻለም። አሁን ገባኝ፤ በቃ። የወደዱት ያንን ነው። ያ ደግሞ ያንቺ ነው።»

«የኔ አይደለም። ጨምሪ፣ ጨምሪ ሲሉኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው የማንም አይደለም፤ የልጆቹ ነው።»

ፈረመ። ኑርዲን ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠይቆ፣ ሁለት ጊዜ ተሰድቦ፣ የቀኑን ልፋት አጠፋው።

ሲመለሱ በባቡሩ ውስጥ እስከ ፑዋቲዬ ከተማ ድረስ እሷ መስኮቱን፣ እሱ ደግሞ በየተራ ዓይኑን እየጨፈነ የተሳፋሪውን ሁሉ ልብስ ያያል። ከፑዋቲዬ ካለፉ በኋላ እሷ ነች ወሬ የጀመረችው።

«እኔ ድፍረት መስሎኝ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ሐምራዊው። ያንን አይቼ ነው የሠራሁትን ሁሉ የሠራሁት። ለተማሪዎቼም ስሰብክ የኖርኩት እሱን ነው።»

«እና ትክክል ነዋ!»

«ምኑ ነው ትክክል? እርስዎ ሲያዩት የነበረው ግራጫ!»

«እኔማ ግራጫ ነው ያየሁት፤ ምን ድፍረት አለው? ዓይንሽን ከፍተሽ፣ ያንን ጉድ እያየሽ የቀባሽው አንቺ ነሽ።»

«ታዝዤ ነዋ። በትእዛዝ የተደረገ ነገር ድፍረት አይባልም።»

«እንግዲህ እኔ ምን ላድርግሽ» አለ ብሪሳር። «ካልፈለግሽው ተይው።» ብሎ ከቦርሳው ቅቤ የተቀባ ዳቦ አወጣና ግማሹን ቆርሶ ሰጣት። ተቀበለችው። በነገሩ አልተስማማችም፤ ዳቦውን ግን በላች።

ከዲስኩ ጋር አብሮ የሚወጣው ቃለ መጠይቅ የተቀረፀው በሳምንቱ፣ በብሪሳር ሳሎን ነበር። ከፓሪስ የመጣች ጠያቂ ሐምራዊውን መጋረጃ ስታይ እጇን አጨብጭባ «እዚህ! እዚህ ጋ ይቀመጡልን!» አለች። ማሪቮን ከካሜራው ጀርባ ቆማ ታይ ነበር።

«ሙሴ ብሪሳር፣ በዚያ ዘመን ባሕርን ሐምራዊ ለማድረግ ድፍረቱን ከየት አመጡት?»

ብሪሳር ጉሮሮውን ጠረገ። «የዓይን ሞራ ነበረብኝ» አለ። «እኔ ያየሁት ግራጫ ነው። ሐምራዊ መሆኑን ያወቅሁት ባለፈው ወር ነው።»

ጠያቂዋ በሳቅ ፈነዳች። ካሜራውን የያዘውም ሳቀ። ብሪሳር ግራ ተጋብቶ ወደ ማሪቮን አየ። «እውነቴን ነው» አለ። «ይቺ ትመስክር።» እንዲህ ሲል ጭራሽ ባሰባቸው። ሴትዮዋ ዓይኗን እየጠረገች «እንዴት ያሉ ተጫዋች ሰው ነዎት!» አለችው፤ ደግማም አልጠየቀችውም።

ዲስኩ ከገና በፊት ወጣ፤ ተወደደም። የፓሪስ ጋዜጦች ስለ ቀለሙ ድምቀት ጻፉ። አንዱማ «ትሑቱ ሊቅ ታላቁን የሥነ ጥበብ ውሳኔውን በዓይን ሞራ ያላግጥበታል» ሲል አሞገሰው። ማሪቮን ያነበበችው ፀጉር ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ነው። ጋዜጣውን አጠፈች፣ ደግማ ዘረጋች፣ ከዚያ ለቀጣይዋ ሴት ሰጠቻት። የጎረቤቷ ሴት ልጅ ዲስኩን ገዝታ ለትንሹ ልጇ ስታሳየው፣ የልጁ የደስታ ጩኸት በግድግዳው በኩል ተሰማት። ባሕሩ ጋ መድረሳቸውን በዚያ አወቀች።

ብሪሳር በጥር ወር ቀኝ ዓይኑንም ታከመ። ከዚያ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ።

«ጠፋብኝ» አለ።

«ምን ጠፋብዎት? መነጽርዎ?»

«መነጽር ምን ያደርግልኛል አሁን! ግራጫው! ፓሪስ ያየነው። ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውሰው እሞክራለሁ፤ የሚመጣብኝ ሐምራዊው ነው። አንቺ አልረሳሽውም አይደል?»

ማሪቮን ብረት ድስቱን ከእሳት አወረደች። «አልረሳሁትም።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«የእርሳስ ቀለም ነበር።»

«እርሳስ አልነበረም! እርሳስ ቢሆንማ ያን ሁሉ ጊዜ ምን አስለፋን?»

«እንግዲያው ዝናብ የመታው የጣሪያ ድንጋይ።»

«የየት አገር ጣሪያ?»

«የኛ አገር፣ የብሬታኝ።»

«የብሬታኝ ድንጋይ ጥቁር ነው። አታታልዪኝ።»

«ሲረጥብ ነው ጥቁር። ዝናቡ አባርቶ መድረቅ ሲጀምር፣ ከጠርዙ በኩል…»

«መድረቅ ሲጀምር» አለ ብሪሳር ቀስ ብሎ። «እሺ። ወደሱ እየቀረብሽ ነው። ቀጥዪ።»

ማሪቮን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አልነበረም» ብላ ጀመረች። «ከአህያዋ ጆሮ ሥር ትንሽ ፈካ ይላል…»